ለሄድፎን ስንት ብር ይበቃል?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከጅማና ከአካባቢዋ የሚደርሱን ጥያቄዎች ሄድፎንና ኤርፎን ላይ ተረባርበዋል። ውዱ ያዋጣል ወይ ከሚለው ጀምሮ የልጆች ጆሮ፣ የድሮ ካሴት፣ ባጃጅ ላይ ሙዚቃ መስማት ሁሉ መጥቷል። አምስቱን መርጫለሁ። የመጀመሪያው ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያባክነው እዚያ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ዶርም ውስጥ ስድስት ነን፤ ወሬውና ሳቁ ማታ ማጥናት ከለከለኝ። ዱባይ ያለችው አክስቴ ጫጫታ የሚያጠፋውን ትልቁን የሶኒ ሄድፎን ገዝታ ልትልክልኝ ትችላለች፣ 40,000 ብር ገደማ ይመጣል አለችኝ። ግማሹን ከማስጠናው ካጠራቀምኩት እሰጣታለሁ። መርካቶ ደግሞ ቁርጥ እሱን የሚመስል በ2,500 ብር አይቻለሁ። ሂጃብ እለብሳለሁ፣ እሱ ለውጥ ያመጣ እንደሆነ አላውቅም። የዋጋው ልዩነት እውነት ነው ወይስ የስም?

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ መርካቶ ያየሽውን እንተወው። የሶኒ ስም ተጽፎበት በዚያ ዋጋ የሚሸጥ ዕቃ ኮፒ ነው። ቅርጹን መገልበጥ ቀላል ነው፤ ጫጫታ የሚያጠፋውን ሥራ መገልበጥ ግን ከባድ ነው፣ ስለዚህ ብዙ ጊዜ ነገሩ ሳጥኑ ላይ ተጽፎ ይቀራል።

አሁን ወደ አርባ ሺው እንምጣ። ልዩነቱ እውነት ነው። ዋናው ጥያቄ ገንዘቡ ለምን እንደሚከፈል ነው። ለማይክሮፎኖቹ ትከፍያለሽ፣ ለቺፑ፣ ለባትሪው፣ ለትራሱ ልስላሴ፣ ለማስታወቂያውም ጭምር። ድምፁ ራሱ ከዚህ ሁሉ የሚደርሰው ድርሻ ሰው የሚያስበውን ያህል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2017 ጀሮን ብሬባርት የተባለ ተመራማሪ 283 ዓይነት ሄድፎንና ኤርፎን ለክቶ፣ ወፍራሙንና ቀጭኑን ድምፅ በምን ሚዛን እንደሚያወጡ ከዋጋቸው ጋር አስተያይቶ ነበር። ዝምድና አላገኘም። ውድ ሆኖ ድምፁ የተዛባ አለ፣ ርካሽ ሆኖ የተስተካከለ አለ። እኔ ይህን ውጤት ሄድፎን ልገዛ ላለ ሰው ሁሉ ከመንገር አልቦዝንም፣ ምክንያቱም ብዙዎቻችን ዋጋውን አይተን ነው ድምፁን የምንገምተው።

ጫጫታ ማጥፋቱስ? ይህ የት እንደሚሠራና የት እንደማይሠራ ማወቅ አለብሽ። ሐሳቡ ራሱ የመጣው ከአውሮፕላን ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 የቦዝ ድምፅ ማጫወቻ ኩባንያ መሥራች አማር ቦዝ ከዙሪክ ወደ ቦስተን ሲበር የሞተሩ ጩኸት ሙዚቃውን ዋጠበት፣ እዚያው ተቀምጦ መፍትሔውን ማስላት ጀመረ። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ማይክሮፎኑ የውጭውን ድምፅ ይሰማል፣ ቺፑ የዚያን ድምፅ ተቃራኒ ሠርቶ ይለቃል፣ ሁለቱ ሲገናኙ ይጠፋፋሉ። ይህ የሚሳካው በወፍራምና በማይቋረጥ ድምፅ ላይ ነው። ጀነሬተር፣ ማራገቢያ፣ የአውቶቡስ ሞተር። ከጅማ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ለዚያ መንገድ ግሩም ዕቃ ነው። የሰው ወሬ ግን ከፍ ዝቅ ይላል፣ ቀጭንም ነው፣ ቺፑ በደንብ አይደርስበትም። አዳዲሶቹ ከድሮዎቹ ይሻላሉ፣ ቢሆንም የዶርም ሳቅ አልፎ ይገባል። ክረምት ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብም እንደዚያው ነው፤ ጉምጉምታው ይቀንሳል፣ ሿሿታው ይቀራል።

ያንቺ ጉዳይ ላይ ከሁሉም በላይ የሚወስነው ግን ሂጃቡ ነው፣ መጠየቅሽም በጣም ጥሩ ነው። ትልቁ ሄድፎን ትራሱ ቆዳ ላይ ገጥሞ ጆሮን መክበብ አለበት። መሃል ላይ ጨርቅ ሲገባ ክፍተት ይፈጠራል፣ ቤዙ በዚያ ያመልጣል፣ የውጭው ድምፅ በዚያ ይገባል፣ ጫጫታ ማጥፋቱም ይዳከማል። መነጽርም ወፍራም ሹሩባም ተመሳሳይ ችግር አላቸው። አርባ ሺህ ብር ከፍለሽ ግማሹን ብቻ ትሰሚ ነበር ማለት ነው።

ስለዚህ እኔ የምመክርሽ ጆሮ ውስጥ የሚገባውን፣ ጫፉ ላይ ጎማ ያለውን ኤርፎን ነው። ሂጃቡ ሥር በደንብ ይቀመጣል፣ ደግሞም የሰውን ወሬ ጎማው ራሱ ይመልሰዋል። ሳጥኑ ውስጥ ብዙ ጊዜ ሦስት መጠን ጎማ ይመጣል፤ ሰው ግን የተገጠመውን ሳይቀይር ይጠቀምና ድምፁ ቀጠነብኝ ይላል። ሦስቱንም ሞክሪ። ግራና ቀኝ ጆሮሽ የተለያየ መጠን ሊፈልጉ ይችላሉ፣ ምንም ችግር የለውም። ሙዚቃ ከፍተሽ በጣትሽ ቀስ ብለሽ ወደ ውስጥ ግፊው፤ ቤዙ በአንድ ጊዜ ከጨመረ አልገጠመም ነበር ማለት ነው፣ ተለቅ ያለውን አድርጊ። የስፖንጅ ጫፍ ካገኘሽ ደግሞ ወሬን ከጎማው የበለጠ ይከለክላል።

ለአክስትሽ ንገሪያት ካልሽኝ፣ ከቻይና የሚመጣው ሙንድሮፕ ቹ የሚባል ባለገመድ ኤርፎን እ.ኤ.አ. በ2022 ሲወጣ ዋጋው 20 ዶላር ገደማ ነበር። ድምፁ የተስተካከለ ነው፣ ቻርጅ አይፈልግም፣ መብራት ሲጠፋም ይሠራል። ስልክሽ የኤርፎን ቀዳዳ ከሌለው ትንሿን የዩኤስቢ ሲ ማገናኛ አብራ ትላክልሽ። ለጥናት ደግሞ ዘፈን አትክፈቺ። የዝናብ ድምፅ ወይም የማራገቢያ ድምፅ በጣም ዝቅ አድርገሽ ክፈቺ፤ ከጎማው የተረፈውን ወሬ እሱ ይሸፍነዋል። የቀረውን ገንዘብሽን ያዢው።

ትልቁ ሄድፎን ለማን ያዋጣል ብትዪኝ፣ በየሳምንቱ አውቶቡስ ወይም አውሮፕላን ላይ ለሚውል፣ ጀነሬተር አጠገብ ለሚሠራ፣ ቀኑን ሙሉ አድርጎት ስልክ ለሚያወራ ሰው ያዋጣል። ምቾቱና ጸጥታው ዋጋ አላቸው፣ አልክድም። ግን ባትሪው እንደ ስልክ ባትሪ እያረጀ እንደሚሄድ አትርሺ። ትልልቆቹ ባትሪያቸው ቢደክም አብዛኞቹ በገመድ ይሠራሉ፤ ትንንሾቹ ገመድ አልባዎች ግን ባትሪያቸው ሞተ ማለት አለቀላቸው።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ። ሱቅ ስትሄጂ በባለሱቁ ስልክ አትሞክሪ። የራስሽን ስልክ፣ በቃልሽ የምታውቂውን ዘፈን ይዘሽ ሂጂ። ክራር ያለበት ከሆነ እያንዳንዱ የጅማት ምት ለብቻው ይሰማል ወይ? ከበሮው ሲመታ ደም ብሎ ያቆማል ወይስ ጉም እያለ ሌላውን ይሸፍናል? ዘፋኟ "ስ" ስትል ጆሮሽን ይወጋሻል? ሁለት ዕቃ ስታወዳድሪ ደግሞ ድምፃቸውን እኩል አድርጊ፤ ትንሽ ከፍ ያለው ሁልጊዜ የተሻለ ይመስላል፣ ሻጮች ይህን በደንብ ያውቁታል።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 60 አልፏል። ልጄ ከአሜሪካ ሴንሃይዘር ኤችዲ 600 የሚባል ሄድፎን ላከችልኝ፣ ብዙ ዶላር እንዳወጣችበት አውቃለሁ። ስልኬ ላይ ስሰካው ድምፁ ደካማ ነው። ከካሴት የተገለበጡት የድሮ ዘፈኖቼ ደግሞ በርካሹ ኤርፎን ከምሰማው የባሰ ሲሽታ አላቸው። ባለቤቴ ደግሞ ከሳሎን ሆና ሙዚቃህ ይሰማኛል ትላለች። ዕቃው ተበላሽቷል? ለልጄስ ምን ልበላት?

መልስ፦ ጋሼ፣ ዕቃው ደህና ነው፤ ለልጅዎ አመስግነው ይንገሯት። እንዲያውም የላከችልዎ እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ ገበያ ላይ ያለና በሙያው ሰዎች ዘንድ ስሙ በክብር የሚነሳ ሄድፎን ነው። የነገሩኝ ሦስቱም ነገሮች ከተፈጥሮው የመጡ ናቸው።

ድምፁ የደከመው የኤሌክትሪክ መቋቋሙ 300 ኦም ስለሆነ ነው። ለስልክ የሚሠሩት አብዛኛውን ጊዜ 16 ወይም 32 ኦም ናቸው። ስልክ ለዚህ ሄድፎን የሚበቃ ቮልቴጅ አይሰጥም፣ ስለዚህ ትንሽ ማጉያ ያስፈልገዋል። ስልክ ወይም ላፕቶፕ ላይ በዩኤስቢ የሚሰካ፣ ከኪስ የማይበልጥ ማጉያ አለ፤ ልጅዎ በሚቀጥለው እሱን ትላክ። በጣም ውዱን እንዳትገዛ ግን ይንገሯት፤ ለ300 ኦም የሚበቃ ጉልበት እስካለው ድረስ መካከለኛው ይበቃል። ለባለቤትዎ የሚሰማቸው ደግሞ ጀርባው ክፍት ሆኖ ስለተሠራ ነው። ድምፁ ሰፋ ብሎ፣ ከፊት ለፊት የመጣ ያህል የሚሰማው በዚህ ምክንያት ነው። ለቤት ነው የተሠራው፣ ጸጥ ላለ ክፍል። መንገድ ላይ አይያዙት።

ሲሽታው ነው ልብ የሚነካው ጥያቄ። ርካሹ ኤርፎን ቀጭኑን ድምፅ በደንብ ስለማያወጣ ሲሽታውንም ደብቆልዎት ነበር። ይኸኛው ያለውን ሁሉ ያወጣል፣ ክፉውንም ደጉንም። የኛ የድሮ ዘፈኖች ችግራቸው ብዙ ነው፤ ከሸክላ ወደ ካሴት፣ ከካሴት ወደ ሌላ ካሴት፣ ከዚያ ወደ ኤምፒ3፣ ከዚያ ዩቲዩብ ላይ ወጥተው ተመልሰው ወርደው በቴሌግራም ይዞራሉ። በየደረጃው ትንሽ ይጠፋል። የጠፋውን ደግሞ የትኛውም ሄድፎን አይመልሰውም። 128 ኪሎቢት የነበረን ፋይል 320 አድርጎ መቀየርም ፋይሉን ያሳብጠዋል እንጂ የሄደውን አይመልስም።

ካሴቶቹ ራሳቸው ቤትዎ ካሉ ግን እንደገና ይገልብጧቸው፣ እለምንዎታለሁ። የቴፑን ክዳን ይክፈቱና ካሴቱ የሚነካውን ሄድ በአልኮል በነካ ጥጥ ቀስ ብለው ይጥረጉት። ጥጡ ላይ ቡናማ ነገር ይወጣል፤ ከካሴቶቹ እየተፋቀ ለዓመታት የተጠራቀመ ዱቄት ነው፣ ድምፁን የሚያፍነው አንዱ እሱ ነው። ጥጡ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ይድገሙት፣ እስኪደርቅም ይጠብቁ። ከሄዱ ጎን ትንሽ ቡሎን አለች። ካሴቱ እየተጫወተ በትንሽ ካቻቢቴ ያቺን በጣም በትንሹ ወዲያና ወዲህ ሲያዞሯት ድምፁ ይደፈንና ደግሞ ይከፈታል። ጸናጽሉና ማሲንቆው ቁልጭ ብለው የሚሰሙበት ቦታ ላይ ያቁሟት። ይህን ያየ ሰው ያው ካሴት መሆኑን ለማመን ይቸገራል።

ከዚያ ከቴፑ ወደ ላፕቶፕ በገመድ አገናኝተው ኦዳሲቲ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ይቅዱት። በሲዲ ጥራት፣ ማለትም በ16 ቢትና በ44.1 ኪሎኸርትዝ፣ አንድ ሰዓት ወደ 635 ሜጋባይት ይይዛል። ፍላክ ወደሚባለው የፋይል ዓይነት ቢቀይሩት ምንም ሳይጠፋበት ወደ ግማሽ ይወርዳል። ሲሽታው ጨርሶ አይጠፋም፣ ግን ከሲሽታው በላይ ብዙ ዘፈን ይኖርዎታል። የልጅዎ ስጦታም ያኔ ሥራውን ይሠራል።

ጥያቄ፦ የ14 ዓመት ልጄ ኤርፎን ጆሮው ላይ ይዞ ነው የሚያድረው። አጠገቡ ቆሜ ስጠራው አይሰማኝም። ውድ ብገዛለት ጆሮውን ይጠብቅለታል?

መልስ፦ እናቴ፣ ውድ መሆኑ ብቻ ጆሮ አይጠብቅም። ጆሮን የሚጎዳው የድምፁ ከፍታና የሚሰማበት ሰዓት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ 80 ዴሲቤል (ዴሲቤል የድምፅ ከፍታ መለኪያ ነው) በሳምንት እስከ 40 ሰዓት፣ ለልጆች ደግሞ 75 ዴሲቤል ለያው ሰዓት ይላል። ድምፁ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር የሚፈቀደው ሰዓት በግማሽ ይቀንሳል። ለአዋቂ እንኳ 90 ዴሲቤል በሳምንት 4 ሰዓት ብቻ ነው። ክንድ በማይሞላ ርቀት ጠርተውት ካልሰማ ድምፁ በዝቷል ማለት ነው፣ ሌላ መለኪያ አያስፈልግዎትም።

ውስጠኛው ጆሮ ላይ ድምፁን የሚቀበሉት ጥቃቅን ፀጉር መሰል ሕዋሳት አንዴ ከሞቱ አይበቅሉም። መጀመሪያ የሚሄደው ቀጭኑ ድምፅ ስለሆነ ልጁ ራሱ ሳያውቀው ዓመታት ያልፋሉ፣ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንደሚባለው። ስልኩ ሴቲንግ ውስጥ የድምፅ ጣሪያ የሚባል ነገር ብዙ ስልኮች ላይ አለ፤ አብራችሁ ቁጭ ብላችሁ አስተካክሉት፣ ነጥቀው ሳይሆን አስረድተው። ውጭ ያለውን ጫጫታ የሚከለክል ባለጎማ ኤርፎን ከሆነ ድምፅ መጨመር ስለማያስፈልገው እዚያ ላይ ጥሩ ዕቃ ይጠቅማል፣ ግን ውድ መሆን የለበትም። ለመኝታ ሙዚቃ ከፈለገ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አድርጎ በስፒከሩ ዝቅ አድርጎ ይስማ፣ ሰዓት ሞልቶ ራሱ እንዲጠፋ። ጆሮዬ ይጮሃል ካለዎት ወይም ቴሌቪዥን ድምፅ እየጨመረ ከመጣ አይጠብቁ፣ የጆሮ ሐኪም ይየው።

ጥያቄ፦ ባጃጅ ነው የምነዳው፣ ከአጂፕ እስከ ቆጪ ስመላለስ እውላለሁ። አንድ ጆሮ ላይ ብቻ የማደርገው ጥሩ ኤርፎን ንገረኝ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ለዚህ ኤርፎን አልመርጥልህም። ከኋላህ የሚመጣውን መኪና የምታውቀው በጆሮህ ነው፣ ከየት በኩል እንደመጣ የምትለየው ደግሞ በሁለቱም ጆሮህ ነው። አንዱን ስትደፍነው ድምፁን ትሰማለህ፣ አቅጣጫውን ታጣለህ። ተሳፋሪህ "ወራጅ አለ" ሲልህም መስማት አለብህ። ዘፈን ካማረህ ትንሽ ስፒከር ዝቅ አድርገህ ክፈት።

ጥያቄ፦ የሠርግ ቪዲዮ ኤዲት አደርጋለሁ። እስካሁን በብሉቱዝ ነው የምሠራው፣ ድምፁና ከንፈሩ አልገጥም እያለኝ እቸገራለሁ። "ሃይ ሬዝ" የሚል ምልክት ያለበት ሄድፎንና በወርቅ የተለበጠ ውድ ገመድ ልግዛ?

መልስ፦ ብሉቱዙን ዛሬውኑ ተው። ድምፁን ጠቅልሎ ልኮ እስኪፈታው ድረስ ይዘገያል፣ መዘግየቱ ብዙ ጊዜ ከ100 ሚሊሰከንድ ይበልጣል። ከንፈሩ ያልገጠመልህ ምናልባት ገጥሞ ሳለ ነው፤ አንተ ደግሞ በዘገየ ድምፅ እያየህ ታበላሸዋለህ። ለዚህ ሥራ ባለገመድ ብቻ።

ስለ ምልክቱ፦ "ሃይ ሬዝ" ማለት ከሲዲ በላይ ጥራት ያለው ድምፅ ማለት ነው። የሰው ጆሮ በወጣትነቱ ቢበዛ እስከ 20,000 ኸርትዝ፣ ማለትም በሰከንድ 20,000 ንዝረት ድረስ ይሰማል፣ ዕድሜ ሲጨምር ይቀንሳል፤ ሲዲ እ.ኤ.አ. በ1982 ሲወጣ ይህን ሁሉ እንዲይዝ ተደርጎ ነው። ሜየርና ሞራን የተባሉ ሁለት ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት ሙከራ ሰዎች ከሲዲ በላይ ጥራት ያለውን ድምፅና ያንኑ ወደ ሲዲ ጥራት የወረደውን ሳያውቁ እንዲለዩ ተጠየቁ። ከ554 ሙከራ የተሳካው 49.8 በመቶ ነው። ሳንቲም ወርውረህም ያንኑ ታገኛለህ። ስለዚህ ለምልክቱ አትክፈል። ለወርቅ ገመዱም አትክፈል፤ ወርቁ ጫፉን ከዝገት ይከላከላል፣ እሱ ጥሩ ነው፣ ርካሽ ገመድ ላይም አለ። ያልተቆረጠና በደንብ የሚገጥም ገመድ ድምፁን ያደርሳል፣ አለቀ።

ልትገዛ ካሰብክ የሶኒን ኤምዲአር 7506 ፈልግ። እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ ያለ ነው፣ ሬዲዮ ጣቢያዎችና ስቱዲዮዎች ውስጥ ሞልቷል፣ ውጭ ሀገር 100 ዶላር ገደማ ይሸጣል። 63 ኦም ነው፣ ላፕቶፕህ ያለ ማጉያ ይነዳዋል። ጀርባው ዝግ ስለሆነ ሠርጉ ቦታ ላይ ስትቀርጽም ይሆንሃል። ማይክ ላይ የነፋሱን ፉጨትና የገመዱን ኩርፍታ ሳይደብቅ ያሰማሃል፤ ለመዝናኛ ትንሽ ሸካራ ነው፣ ለሥራ ግን እሱን ነው የምትፈልገው። የጆሮው ሌዘር ከጊዜ በኋላ መላላጡ አይቀርም፣ ትራሱ ብቻውን ስለሚሸጥ ሄድፎኑን አትጣለው። የዚህም ኮፒ ስላለ ከታመነ ሰው ግዛ።

አብዛኛው ቤተሰብ ቪዲዮውን የሚያየው በስልኩ ስፒከር ነው። ሳታስረክብ በፊት አንዴ በስልክህ ስፒከር ስማው፤ የሽማግሌዎቹ ምርቃት እዚያ ላይ በደንብ ካልተሰማ ሙዚቃውን ዝቅ አድርገው።